የወይዘሮ አማረች ቁምሳጥን

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዕድሜው ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚበልጥ አንድ ፎቅ ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ ወይዘሮ አማረች የሚባሉ ዓይነ ስውር እናት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ቁምሳጥኑ፣ አግዳሚው፣ መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እሳቸውም እሱን እየዳሰሱ ያለ ማንም እርዳታ ሻያቸውን አፍልተው ይጠጡ ነበር።

እናት ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሲተኙ ሦስቱ ልጆቻቸው ቤቱን ለማደስ ተስማሙ። ምን ዓይነት ልብ ቢሰጣቸው ነው፣ እሳቸውን አንድ ቃል አልጠየቁም!

ታላቁ ግዛቸው ግንበኛ ነው። ቁምሳጥኑን በመዶሻ ቢነካው መዶሻው ጠልቆ ገባ። ደነገጠ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶት የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። አግዳሚውም መደርደሪያውም ያው ሆኖ አገኘው። በአንድ ቀን ሁሉንም አፍርሶ ግድግዳውን ነጭ ቀባ።

እናት ተመለሱ። በሩ እንደተከፈተ እጃቸውን ወደ ቁምሳጥኑ ዘረጉ። ምንም የለም። ወደ ግራ ዘረጉ። እዚያም ምንም የለም።

«ልጆቼ፣ የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?»

«ያንቺው ነው እማዬ፣ አሳመርንልሽ እኮ!»

እናት መሬት ላይ ዘጭ አሉ። «እኔ ዓይኔ የጠፋው ዛሬ ነው» አሉ።

መካከለኛው ምንተስኖት አናጢ ነው። እናቱን ደግፎ አቆማቸውና «እንደ ድሮው እጅሽን ዘርጊ» አላቸው። እጃቸው አየር ላይ በቆመበት ቦታ ሁሉ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ። በስምንት ቀን ሁሉንም በአዲስ እንጨት፣ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ቁመት ሠራው። እናት ግን ዳሰስ አደረጉና «እንግዳ ዕቃ ነው፣ ፈራሁት» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ትንሿ ብሩክታይት ሙያ የላትም። ዓይኗን በሻሽ አሰረችና ሦስት ቀን እዚያ ቤት ውስጥ እየዳሰሰች ኖረች። ግንባሯ አበጠ፣ የፈላ ውሃ እጇን ላጠው። በአራተኛው ቀን «ነይ እማዬ፣ እኔም አላይም፣ አብረን እንሂድ» አለቻቸው። እናት ሳቁ፤ ተነሥተውም እጅ ለእጅ ተያይዘው አዲሱን ዕቃ አንድ በአንድ ዳሰሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻቸውን ሻይ ያፈላሉ።

አንድ እሑድ ሦስቱን ጠርተው፣ «ይህች ክፍል ለሦስት አትከፈልም። ከእኔ በኋላ ቤቴን ለመለሰልኝ ትሁን» አሉ።

«ባላፈርሰው አንድ ቀን አንቺ ላይ ይወድቅ ነበር» አለ ግዛቸው።

«ባልሠራው ምን ትዳስሺ ነበር?» አለ ምንተስኖት።

«እነሱ ሲጨርሱም አንቺ መሬት ላይ ነበርሽ» አለች ብሩክታይት።

ወይዘሮ አማረች ቁልፉን ይዘው እጃቸውን ዘረጉ። ሦስት እጆች ከፊታቸው አሉ፤ እሳቸው አንዱንም አያዩም። እናንተ የምታዩት ፍረዱ፦ ቁልፉ በማን እጅ ላይ ይቀመጥ?