የሲራራ ነጋዴው ትከሻ

አንድ ደምለው የሚባል ሲራራ ነጋዴ ነበር። በዚያ መኪና በማይታወቅበት ዘመን ከባልንጀራው ከካሴ ጋር በበቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ አገር ያቋርጥ ነበር። ካሴ ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ከሱ ጋር የሄደ ሰው ዳገቱን ሳያውቀው ይጨርሰዋል። ደጉ ዘመን ነበር።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ወንዝ ሲሻገሩ ደራሽ ውኃ መጣባቸው። ቀድሞ የተሻገረው ደምለው ከዳር ሆኖ ጠፍር ወረወረ፤ ካሴ ጫፉን ያዘ። ደምለው ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ጠፍሩ መሃል ላይ ተበጠሰና ውኃው ካሴን ወሰደው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የደምለው ትከሻ ከጆሮው ሥር አልወረደም። ቀኝ እጁ ተኝቶ እንኳ እንደተጨበጠ ያድራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሱን ግን ጠላውም ጠጁም አላወጡትም። ከሕመሙ ይልቅ የጎዳው ሌላ ነገር ነበር። ካሴን ባሰበ ቁጥር የሚመጣበት ያ ደፍራሽ ውኃ ብቻ ነው። ያ ሁሉ አብረው የሄዱት መንገድ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ጠፋበት።

የካሴ እናት እሜቴ ድንቄ የልጃቸው ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር ወደ ደምለው ቤት ይመጡ ነበር። ልጃቸው ዕድሜውን በመንገድ ስለጨረሰ ጎልማሳነቱን የሚያውቅላቸው ደምለው ብቻ ነው።

“እስቲ ስለ ልጄ አጫውተኝ” ይሉታል።

“ደግ ሰው ነበር” ይላል መሬት መሬት እያየ። ከዚያ ወዲያ ያ ውኃ ይመጣበታል። እሳቸውም ያችኑ አንድ ቃል ይዘው ይመለሳሉ። እያረጁ ነው፤ መንገዱም እየከበዳቸው መጥቷል። የሚቀጥለውን ዓመት ማን ያውቃል?

ደምለው ይህ ሲያስጨንቀው አያ ውቤ የሚባሉ ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቀው የወንዙን ነገር ከሰሙ በኋላ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ክንዱን ዳሰሱ።

“አጥንትህ ደህና ነው” አሉት።

“ታዲያ ምን ሆኜ ነው?”

ይህን ሲባባሉ ግቢ ውስጥ ጭነቷ የወረደላት በቅሎ አቧራው ላይ ተንከባለለች። ተነሥታም መላ ሰውነቷን አርገፈገፈች። አያ ውቤ በከዘራቸው አመለከቷት።

“እሷን እያት። ጭነቱ ቢወርድላትም ካልተንከባለለች አይቀላትም። አንተ ግን ያን ቀን ከወንዙ ዳር ተነሥተህ ወዲያው መንገድህን ቀጠልህ። ጠፍሩ መበጠሱን ልብህ ያውቃል፤ ክንድህ ግን አልሰማም። እስካሁን እየጎተተ ነው።”

ደምለው የተጨበጠ ቀኝ እጁን አየ።

“ማታ ማታ ቁርበት ላይ ጋደም በል” አሉት። “ትከሻህን በቀስታ ወደ ላይ ሳብና እስትንፋስህን እያስወጣህ ልቀቀው። ጉልበትህን አጥፈህ ወዝወዝ አድርገው። መንቀጥቀጥ ከመጣ አትከልክለው። ካመመህ ግን ተው።”

ነጋዴ መቼም ቶሎ ማትረፍ ይወዳል። ደምለው በመጀመሪያው ሰሞን ትከሻውን እንደ ጨው ጭነት ሲያነሣ ሲጥል አንገቱ ጭራሽ ደረቀ።

“አራግፍ አልኩህ እንጂ ጫን መቼ አልኩህ?” ብለው አያ ውቤ ተቆጡት። ከዚያ በኋላ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለዘብ አለ።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ልማዱ ጋደም ብሎ ሳለ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንቀጥቀጡ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡም ወደ ትከሻው ወጣ። ሚስቱ ንዳድ መስሏት ፌጦ ፍለጋ ሮጠች። ስትመለስ ባሏ እየተንሰቀሰቀ ያለቅሳል፤ ቀኝ እጁ ግን ቁርበቱ ላይ ተዘርግቷል። ካሴ በዓይነ ሕሊናው መጥቶበት ነበር። የመጣው በውኃው ውስጥ አይደለም፤ እንደ ድሮው ራሱ ላይ ቅል ደፍቶ የኬላ ጠባቂን አረማመድ እያስመሰለ ነው። ደምለው ምንኛ ናፍቆት ኖሯል!

በሙት ዓመቱ እሜቴ ድንቄ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። እንደ ወትሯቸውም ጠየቁ። ደምለው በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው።

“እሜቴ፣ ልጅዎ ቁልቁለት ሲወርድ ይፎክር ነበር። ሌሎቻችን በአባታችን ስም ስንፎክር እሱ ‘የድንቄ ልጅ!’ እያለ ነበር። ስምዎን የማያውቅ ገደል የለም።”

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። እስኪመሽ አጫወታቸው። ሊሄዱ ሲነሡ ጉንጩን ይዘው፣ “እስከ ዛሬ የማውቀው የልጄን ሞት ነበር፤ ኑሮውን ዛሬ ሰጠኸኝ” አሉት።

ሐዘንና ድንጋጤ ልብ ውስጥ ብቻ አይቀመጡም፤ ትከሻም፣ አንገትም፣ ጡጫም ማደሪያቸው ነው። በጉልበት አይወጡም። በለዘብታ፣ በእስትንፋስና በትንሽ እንቅስቃሴ ግን ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ብዙዎቻችን ከለቀቅነው የወደድነውን ሰው የምናጣው እየመሰለን እንፈራለን። የሚሄደው ግን ድንጋጤው ነው፤ ሰውየው ይመለሳል።

ይህን ሲያነቡ የእርስዎ ትከሻ የት ነው ያለው?