እሳት የተከለከለው ሰው

ነገር ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ የሰኔ ሚካኤል ማግስት። ጠጋ በሉ ልጆች። እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም ከአባቶቼ የሰማሁትን ልስጣችሁ።

ድሮ ድሮ፣ አባቶች መስቀል የቀረጹበት ድንጋይ በሁለት ማሳ መካከል ቆሞ ከሰው በላይ በሚታመንበት ዘመን፣ ወይራ አፋፍ በምትባል መንደር ደርብ የሚባል ገበሬ ነበር። መሬቱ ከመንደሩ ጭቃ ሹም ከጓንጉል መሬት ጋር ይዋሰናል። ጓንጉል ብዙ መሬት አለው። ግን ብዙ ያለው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በጎደለው ላይ ነው።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የድንበሩ ድንጋይ ከቦታው ጠፋ። ሹሙ ሦስቱን ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ሰበሰበ።

«ድንጋዩን የነቀለው ደርብ ነው፤ መሬቴን ሊገፋ!» አለ።

«ማን አየኝ? ምስክር ይጠራ!» አለ ደርብ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ደርብ ከመንደሩ ተለይቷል! እሳት የሰጠው፣ ማሳውን ያረሰለት፣ ሊጠይቀው ደጁን የረገጠ ሰው እንደ እሱ ከመንደር ይለይ!» አለ ሹሙ።

«ይሁን» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «ይሁን» አለ ሁለተኛው። «ይሁን» አለ ሦስተኛው።

ብቻውን የቀረ ሰው ዓመት ሳይሞላ ተማሮ አገር ይለቃል፤ ሲለቅ ደግሞ መሬቱ ለሹሙ ይሆናል። የጓንጉል ሐሳብ ይኸው ነበር። ደርብም ገብቶታል። ሚስቱ ትጓደድ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«እንሂድ ይሆን?» አለችው።

«ያልሠራሁትን ተሸክሜ ከወጣሁ፣ ሠርቻለሁ ማለት ነው። አልሄድም!»

ክረምቱ ገባ። ጣሪያቸው አፈሰሰና የምድጃቸው እሳት ጠፋ። በዚያ አገር እሳት የጠፋበት ሰው ከጎረቤቱ ፍም ይጭራል። ደርብ ገል ይዞ ከደጅ ደጅ ዞረ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ትጓደድ ጥሬ ስትቆረጥም ዋለች።

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ሻሺቱ ትኖራለች። ባልቴት ናት፤ ደርብን በአንቀልባ አዝላው ታውቃለች። እሷም ወጣችና መንደሩ እስኪሰማ ጮኸች፦

«አንተ ድንበር ገፊ! አንተ ቀማኛ! ዓይንህን አፈር ይሙላው!»

የሌላው ዝምታ እንዲህ አላመመውም። ደርብ አንገቱን ሲደፋ አንድ ገል በአጥሩ ላይ በርሮ እግሩ ሥር ዱብ አለ። ሁለተኛም መጣ። ሦስተኛም መጣ። ቢያይ ሁሉም ቀይ ፍም ይዘዋል።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳይጠፋ አንሣው እንጂ፣ ጅል!»

ሹሙ አስጠራት። «አንቺ አሮጊት፣ እሳት ሰጠሽው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ወረወርኩበት እንጂ። ጌታው፣ ቀማኛን መውገር ተከለከለ እንዴ?»

ሹሙ ዝም አለ።

የጤፍ መዝሪያ ደረሰ። ደርብ ያለው አንድ በሬ ነው፤ በየዓመቱ ከጓደኛው ከልንገረው በሬ ጋር እያቀናጁ ያርሳሉ። ዘንድሮ ማን ይቀናጀዋል? አንድ ጠዋት ልንገረው ዱላውን እያወዛወዘ ደረሰ።

«በሬህን አምጣ! ቀምቼሃለሁ!» አለ እየጮኸ። ከዚያም ገመዱን ሲፈታ፣ «ትንሽ ታገለኝ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው» አለው።

ደርብ ታገለው። ልንገረው ጣለው። በሬውን ከራሱ በሬ ጋር ጠመደና የደርብን ማሳ ዳር እስከ ዳር አርሶ ዘራው።

ሹሙ አስጠራው። «ማሳውን አረስክለት?»

«ለእሱ? ጌታው፣ በሬውን ነጠቅሁት፣ መሬቱንም ገፋሁበት! የተለየ ሰው ንብረት ባለቤት የለውም ብዬ ነው።»

«የዘራኸውስ ጤፍ?»

«ሲደርስ አጭደው ነበር። ግን ስንፍናዬን አገር ያውቀዋል፤ እረሳዋለሁ መሰለኝ።»

ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ሹሙ ዝም አለ።

ጳጉሜን ገባ። ትጓደድ ምጥ ያዛት። ደርብ ደጁ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ። ያኔ እትዬ ሻሺቱ የመንደሩን ሴቶች አስከትላ መጣች።

«ወንፊቴ ጠፍቷል! ከዚህ ሌባ ቤት በቀር የት ይሄዳል? ግቡና ፈትሹ!»

ሴቶቹ ገቡ። አንዷ ቅቤ ይዛለች፣ አንዷ የገንፎ ዱቄት ይዛለች፣ አንዷ አዋላጅ ናት። ሲፈትሹ ዋሉ። በማግስቱም ሲፈትሹ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

ሹሙ አስጠራቸው። «እልልታው ምንድን ነው?»

«ወንፊቱ ተገኘ!» አለች እትዬ ሻሺቱ።

«ገንፎውስ?»

«ጌታው፣ ፍለጋ እኮ ያስርባል!»

አሁን ሹሙ ዝም አላለም። በአዲስ ዓመት ቀን ከደጁ ቆሞ አየ። ከደርብ ጎጆ ጭስ ይወጣል፣ ማሳው ለምልሟል፣ ቤቱ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። የእሱን ደጅ ግን ካልተጠራ በቀር የሚረግጠው የለም። «የተለየው እሱ ነው እኔ?» አለና ቅናት አንገበገበው። ሕዝቡን ሰበሰበ።

«ለደርብ ያደረጋችሁትን ሁሉ ነገ ለእኔም ታደርጋላችሁ! አንድም ሳይጎድል!»

«አንድም ሳይጎድል?» አለች እትዬ ሻሺቱ።

«አንድም!»

«እሺ ጌታው፣ ትእዛዝዎ ይፈጸማል።»

በማግስቱ እትዬ ሻሺቱ ከሹሙ አጥር ሥር ቆማ፣ «አንተ ድንበር ገፊ! አንተ ቀማኛ!» እያለች ፍሙን ትወረውር ጀመር። ሹሙ በአንድ እግሩ ዘለለ። ልንገረው የሹሙን በሬዎች ፈትቶ ነዳ። ሹሙ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ከኋላው ሲሮጥ፣ ሴቶቹ «ወንፊት ጠፍቷል!» ብለው ቤቱ ገቡ። አልጋውን አነሡ። ማጀቱን ገለበጡ። ትልቁን የእህል ጎታ ገፋ ቢያደርጉት፣ ከሥሩ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ብቅ አለ።

ጓንጉል ድንጋዩን ሰርቆ ነበር እንጂ ለመስበር አልደፈረም። «የአባት ድንበር የሰበረ እጁ ይሰበር» የሚለውን እርግማን ይፈራል። እርግማን ፈራ፣ ሐሰትን ግን አልፈራም።

ሴቶቹ ድንጋዩን ተሸክመው ዋርካው ሥር አስቀመጡት። ሽማግሌዎቹ የሹመቱን ዘንግ ከጓንጉል እጅ ተቀበሉ፤ ከራሱ መሬት አንድ ጥማድ ለደርብ ካሣ እንዲሰጥም ፈረዱበት።

«እሱም እሳት ይከልከል!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«እሳት አትከልክሉት» አለ ደርብ። «እኔ አይቼዋለሁ። ለጠላትም አይሆንም።»

እንግዲህ ልጆች፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለዚህ ነው። ዘመድ በደም ይወለዳል፤ ጎረቤት ግን በክፉ ቀን ይወለዳል።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነሡ። «ያለፈው አለፈ። ተቀመጥ፣ ልጃችን» አሉት።

ደርብ አልተቀመጠም።

«ድንጋዬ ተመልሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «እትዬ ሻሺቱ ፈርታ ነበር። ልንገረውም ፈርቶ ነበር። እየፈሩ መጡልኝ። እናንተ ሦስታችሁ ግን በዚያ ማክሰኞ ምስክር ይጠራ ብዬ ስለምናችሁ መሬት መሬት እያያችሁ ‹ይሁን› አላችሁ። ለምን? ምርቃቱ ይቆየኝ። እስኪ ዛሬ ቀና በሉና ዓይኔን እያያችሁ መልሱልኝ!»