የጌጡ ላዳ ባሕር የተሻገረችበት ተረት

ተረት ልንገራችሁ። «የመሠረት» የምትሉ በሉ፤ ዝም የምትሉም ዝም በሉ፤ ይቺ ዝም ብሎ ለሚሰማም ትሆናለች።

ትብለጥ የምትባል አንዲት እናት ነበረች፤ አገሯ ደብረ ብርሃን። ወንድ ልጇ ጌጡ በሰማያዊ ላዳ ታክሲ ይሠራል፤ ሴት ልጇ የሺመቤት ከባሕር ማዶ፣ አንዲት ደሴት ላይ አግብታ ትኖራለች። ጌጡ እህቴ ዘንድ ሄጄ ሥራ ልፈልግ ብሎ ላዳውን ከእናቱ ደጅ አቆመ። «እማዬ፣ እስካስመጣት ድረስ ማንም እንዳይነካት» አለና ሄዶ በጀልባ ባሕር ገባ። ጀልባዋ ሰጠመች። ከተሳፈሩት ሬሳው የተገኘ አለ፣ ያልተገኘ አለ፤ ጌጡ ካልተገኙት ነው። ሽማግሌዎች ማልደው መርዶ ሊነግሯት ቢመጡ ትብለጥ ከበር መለሰቻቸው። «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም። ልጄ ዋና ያውቃል» አለች። ጌጡ ዋና አያውቅም ነበር። እናት ናት፣ ምን ይደረግ?

ዓመት አለፈ። የሺመቤት «እማዬ፣ ብቻሽን ከምትሆኚ እኔ ዘንድ ነይ» ብላ ደወለች።

«እሺ፣ ላዳዋን ይዤ እመጣለሁ» አለች ትብለጥ። «ጌጡ እዚያ ሲደርስ በምን ሊንቀሳቀስ ነው?»

የሺመቤት የወንድሟን ስም ዘልላ «እሺ እማዬ፣ ይዘሻት ነይ» አለች። ትብለጥም ላዳዋን በተሳቢ አስጫነች፣ እሷ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ወርደው ወደብ ደረሱ።

የትብለጥ ፍላጎት ይቺው ብቻ ናት፤ ላዳዋ መርከብ ትሳፈርላት። ወደ መርከቡ ጠጋ ብላ «መርከብ ሆይ፣ መኪናዬን ጫንልኝ» አለችው። መርከብ አፍ አለው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ወደብ ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ለምኑት፤ እምቢ ለማለት አፍ የሌለው ነገር የለም።

«አልጭንም» አለ መርከቡ። «የምሄድባት ደሴት ትንሽ ናት። የሰው አገር አፈር አረም ያመጣብኛል፣ ትል ያመጣብኛል ትላለች። መኪናሽ ግን ጭቃ ለብሳለች። ከውስጥም ከውጭም ታጥባ ካልጠራች አላሳፍራትም።»

እውነቱን ነው፤ ላዳዋ ጎማዋም ሆዷም የደብረ ብርሃን ጭቃ ነው። ጌጡ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳት በክረምት ነበር። ከመሪው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ የጫማው ቅርጽ እንዳለ ደርቋል። ትብለጥ አልፎ አልፎ በሩን ትከፍትና ያንን ታየዋለች።

«ጭቃው የልጄ ነው» አለችው።

«የማንም ይሁን፣ አልጭንም» አለ መርከቡ።

ከወደቡ ጥግ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ ትብለጥ ጎንበስ ብላ ውሃውን ተጣራች። «ውሃ ሆይ፣ መኪናዬን እጠብልኝ፤ መርከብ መኪና አልጭን አለ።» ውሃው ከታች ሆኖ «ሞተር ካልሳበኝ በምን ልውጣ? አላጥብም» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውሃው እምቢ ሲላት የትብለጥ ልብ ቀለል አለው። ስትለምን አንጀቷ እንዲያጥብላት አልፈለገም። ግን ልጇን «ላዳህን ለጭቃዋ ሳስቼ ትቻት መጣሁ» ልትለው ነው? አይሆንም። ወደ ሞተሩ ሄደች።

«ሞተር ሆይ፣ ውሃ ሳብልኝ፤ ውሃ መኪና አላጥብ አለ፤ መርከብ መኪና አልጭን አለ፤ እኔም ከወደብ ቀረሁ።» ሞተሩ ከነዝገቱ ተጎልቶ ፀሐይ ይሞቃል። «ሆዴ ባዶ ነው፤ ናፍጣ ካላጠጣሽኝ አልስብም» አላት።

ናፍጣው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ በርሜል ውስጥ ተንደላቆ ተኝቷል። ትብለጥ በዚያ ሐሩር፣ ደገኛ እግሯን አሸዋው እየፈጀው ሄደች። «ናፍጣ ሆይ፣ ሞተር አስነሳልኝ፤ ሞተር ውሃ አልስብ አለ፤ ውሃ መኪና አላጥብ አለ፤ መርከብ መኪና አልጭን አለ፤ እኔም ከወደብ ቀረሁ።» ናፍጣው በበርሜሉ ውስጥ ተንቦጫረቀና «እግር የለኝ፤ አህያ ካልተሸከመችኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አላት።

አህያይቱ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ቆማለች። «አህያ ሆይ፣ ናፍጣ ተሸከሚልኝ፤ ናፍጣ ሞተር አላስነሳ አለ፤ ሞተር ውሃ አልስብ አለ፤ ውሃ መኪና አላጥብ አለ፤ መርከብ መኪና አልጭን አለ፤ እኔም ከወደብ ቀረሁ።» አህያይቱ ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ባለቤቴ አባ ይማም ካልጫኑኝ አልሸከምም። ከጫኑኝማ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?» አለች። ከሁሉም በቅንነት የመለሰችላት እሷ ናት፤ አህያ ናት ብለን እንንቃታለን እንጂ።

አባ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ ጎልማሳ ሳሉ ወደብ ወርደው እዚያው ሸበቱ። ትብለጥ ስትደርስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የአህያይቱን ገመድ ይቀጥላሉ።

«አባ ይማም፣ አህያዎን ይጫኑልኝ። አህያ ናፍጣ አልሸከም አለች፤ ናፍጣ ሞተር አላስነሳ አለ፤ ሞተር ውሃ አልስብ አለ፤ ውሃ መኪና አላጥብ አለ፤ መርከብ መኪና አልጭን አለ፤ እኔም ከወደብ ቀረሁ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ አረፍ በይ» አሏት፤ ውሃም ሰጧት። «መኪናዋ የማን ናት?»

«የልጄ የጌጡ ናት።»

«ጌጡስ የት አለ?»

«ይመጣል።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

ትብለጥ አገጯን ወደ ባሕሩ ቀሰረች። አባ ይማም ገመዱን አስቀመጡት።

«ያቺ አምና የሰጠመችው ጀልባ ናት?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ትብለጥ ፊቷን አዞረች። «ባሕሩ ወደ ዳር የመለሳቸውን በዚችው አህያ እየጫንኩ ነው ያስቀበርኩት፣ እህቴ። ያልመለሳቸው ግን ይበዛሉ። አልቅሰሽለታል?»

«ለምን አለቅስበታለሁ? ሬሳውን አላየሁ!»

«እሱን ነው የምልሽ። ሬሳ ያለው መቃብር አለው። እርም ማውጣት የመጣው ሬሳ ለሌለው ነው። እኛ ዘንድ እርሙ ያልወጣ ሰው ዕቃ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ነውር ነው። አንቺ ከደብረ ብርሃን እዚህ ድረስ አንቀሳቅሰሽዋል፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ አህያዬን አልጭንም። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ።»

«ልጄ አልሞተም!» ብላ ጮኸችባቸው። ነጠላዋን ሰብስባ እየተቆጣች ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ታጉረመርማለች፦ አባ ይማም አህያ አልጭን አሉ፤ አህያ ናፍጣ አልሸከም አለች፤ ናፍጣ ሞተር አላስነሳ አለ፤ ሞተር ውሃ አልስብ አለ፤ ውሃ መኪና አላጥብ አለ፤ መርከብ መኪና አልጭን አለ። እዚህ ስትደርስ ቆመች። አንድ የቀራት አለ። ትብለጥ ደግሞ አላለቅስ አለች።

የላዳዋን በር ከፍታ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ እንደምትለው «ይመጣል» ልትል አፏን ከፈተች። አፏም እንደ መርከቡ እምቢ አላት። ደጋግማ ሞከረችው። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር አየች፤ የተቀዳደደውን የመሪ ልባስ አየች፤ «ጌጡ ዋና አያውቅም» አለች ለራሷ። ይህን ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ዓመት ሙሉ ታስሮ የከረመው ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ።

ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ከጉልት ተነሥተው መጡ፤ ያገሯ ሰዎች ናቸው፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚቸረችሩ። ማን ሞተ፣ የት ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። የላዳዋን አራት በር ወለል አድርገው ከፈቱት፤ የጌጡን ጃኬት ከኋላ ወንበር አውጥተው ከኮፈኑ ላይ ዘረጉት፤ ሬሳው እሱ ሆነ። አባ ይማምም መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሊያስተዛዝኑ ከመጡት ወንዶች ጋር ቆሙ። ትብለጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አገለደመች፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች፦

«ሰው ሁሉን አድራሹ እስከ ቤቱ ደጅ፣
አንተን የሚያደርስ ጠፋ ወይ የኔ ልጅ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ የማያውቁትን ጌጡን በስሙ እየጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ደግሞ የራሳቸውን ሰው በሆዳቸው እየጠሩ አለቀሱ። በዚያ ከተማ ባሕር ሰው ያልወሰደበት ጥቂት ነው። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ተለቀሰ።

ከዚያማ ምን ቀረ? ትብለጥ አለቀሰች፤ አባ ይማም አህያ ጫኑ፤ አህያ ናፍጣ ተሸከመች፤ ናፍጣ ሞተር አስነሳ፤ ሞተር ውሃ ሳበ፤ ውሃ መኪና አጠበ። አጠበ ስላችሁ ግን እንዲህ በቀላሉ እንዳይመስላችሁ። ጎማውንና ሆዷን ሴቶቹ አጠቡላት። ከመሪው ሥር ያለውን ምንጣፍ አባ ይማም ሊያወጡት እጃቸውን ሲሰዱ «ይተዉት፣ እኔ ነኝ» አለች። ተንበርክካ የጫማውን ቅርጽ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ተረከዙንም፣ ጫፉንም። ከዚያ ውሃ አፈሰሰችበት። ጭቃው ቀልጦ ከሲሚንቶው ወረደ፣ በቦዩ አልፎ ባሕሩ ውስጥ ገባ። የደብረ ብርሃን አፈር ባሕሩን ትንሽ አደፈረሰው። ትብለጥ እስኪጠራ ቆማ አየችው።

«አፈሩ ይቅለለው» አሉ አባ ይማም።

«ደረሰው» አለች ትብለጥ። «እስካሁን አፈር እንኳ አላለበስኩትም ነበር።»

መርከቡም እንደ ቃሉ መኪናዋን ጫነ። ክሬኑ ላዳዋን አንጠልጥሎ ሲያነሳት ጥርት ያለ ሰማያዊ ቀለሟ ታየ፤ የማንም መኪና መሰለች። ትብለጥ የለመነችው ሁሉ ሆነላት። ለጌጡ ነበር የለመነችው፤ ስትሳፈር ግን ለማን እንደምትወስዳት አታውቅም ነበር። የሚሰጥ ሲሰጥ እንዲህም ይሰጣል።

ደሴቲቱ ላይ የሺመቤት ከወደቡ ቆማ ትጠብቃለች፤ ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። የወንድሟን ሞት ያወቀችው ጀልባዋ በሰጠመች ሳምንት ነው። ግን እናት ሳታለቅስ እህት ቀድማ አታለቅስም፤ እናቷ «አልሞተም» ካለች እሷ ከል ለብሳ ምን ልትባል ነው? ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነኝ» እያለች፣ ስሙን እየዘለለች፣ እንባዋን እየዋጠች ከረመች። እናቷ ከመርከቡ መሰላል ስትወርድ በመጀመሪያ ያየችው ፊቷን አይደለም። ነጠላዋን ነው፤ ተዘቅዝቋል።

«እማዬ» አለች፤ ከእናቷ እግር ሥር ወደቀች። «እርሙን አወጣሽለት?»

«አወጣሁለት ልጄ። ዘገየሁብሽ» አለች ትብለጥ፤ ከመሬት ደግፋ አነሣቻት። «በይ አሁን አልቅሺ። ወንድምሽ ነው፤ አልቅሺለት።»

የሺመቤት አለቀሰች። እናቷ ከመርከቡ በወረደችው ላዳ ውስጥ አስገባቻት፣ በሩን ዘጋችባት፣ ከጎኗ ሆና እስኪወጣላት ያዘቻት። ከኋላ የቆሙ መኪኖች ጡሩምባ ነፉባቸው፤ ያሻቸውን ይንፉ።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ አብሱ አልልም፤ ለጌጡ ነፍስ ይማር በሉለት፣ ይበቃኛል።