ባናው ያልተነሣለት ፈረስ

አንድ ውርጭ የማይለየው ደጋ አገር ውስጥ ጎንጤ የሚባል ፈረሰኛ ነበር። ዳማ ፈረሱ በአካባቢው ወደር አልነበረውም። ችግሩ፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰነው አጥናፉም ፈረስ ነበረው። የአጥናፉ ፈረስ አጭር፣ ፀጉራም፣ ለዓይን የማይሞላ ነው። ሰው ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር "አጥናፉ ፈረስ አያያዝ ያውቃል" ይላል። ይህች ቃል የጎንጤን አንጀት ታሳርረው ነበር።

በየዓመቱ በጥር በዓል የአገሩ ፈረሰኞች አለቃ አንድ ሰው መርጠው የፈረሰኞቹን ሰልፍ ያስመራሉ። ጎንጤ "ዘንድሮ እኔ ካልመራሁ ሞቼ እገኛለሁ" ብሏል።

ታኅሣሥ ገባና ሣሩ በውርጭ ነጣ። አጥናፉ ለፈረሱ አሮጌ ባና ሲያለብስ ጎንጤ በአጥሩ ቀዳዳ አየ። በማግስቱ ገበያ ወርዶ፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተጠለፈ ወፍራም ባና ገዛና ዳማውን ከአንገት እስከ ጭራ አለበሰው። ለበዓሉ ይረፍ ብሎ መጋለቡንም ተወ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ባናውን ሲያደንቅ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

አጥናፉ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ባናውን ያነሣል፤ የፈረሱን ገላ በገለባ እያሸ ያደርቃል፤ ቀልጦ የሰረገበት ውርጭ በፀሐይ እንዲደርቅ ባናውን አጥር ላይ ያሰጣል። ጎንጤ ይህን ሁሉ ያያል። "እኔን ለማብገን ነው የሚገልጠው" ይላል በልቡ። የራሱን ግን አንድም ቀን አልገለጠም። የአጥናፉ ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት ፈራ። የቀናው ማን እንደሆነ አልታየውም።

አንድ ቀን አጥናፉ በአጥሩ በኩል ጠራው።

"ጎንጤ፣ ፈረስህ አቋቋሙ አላማረኝም። እስቲ ባናውን አንሣና ጎኑን በእጅህ ዳብሰው። ወፍራም ባና ከስር ያለውን ክሳት አያሳይም።"

"አንተ የራስህን ዳብስ" አለው ጎንጤ። "ምነው ዓይንህ ከኔ ግቢ አልነቀል አለ?"

አጥናፉ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በበዓሉ ቀን ጎንጤ ዳማውን እየሳበ አደባባይ ወጣ። አለቃው ፊት ሲደርስ፣ ሰዉ ሁሉ እስኪያየው ጠብቆ ባናውን ገፈፈው። የፈረሱ የጎን አጥንት ይቆጠራል፤ እርጥብ ባና የከረመበት ጀርባው ፀጉሩ ተመልጦ ቆስሏል። ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጎንጤ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ደነገጠ። ይህን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ይወደው ነበር።

አለቃው ቀረብ ብለው "ይህ ፈረስ በቀን ስንት ጊዜ ድርቆሽ ይበላል?" ሲሉ ጠየቁት።

ጎንጤ አሰበ፤ መልስ አጣ።

"የጎረቤትህስ?"

"ሦስት ጊዜ" አለ ጎንጤ ሳያስብ። "ብርዱ ከበረታ አራት። ውሃውንም ፀሐይ ላይ አቆይቶ ነው የሚያጠጣው። ጠዋት በገለባ ሲያሸው ከግራ ጎኑ ይጀምራል።"

አለቃው ትክ ብለው አዩት። "እንግዲያው ልጄ፣ ፈረስ እንዴት እንደሚያዝ ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ የለም" አሉት።

ሰልፉን የመራው ከሌላ መንደር የመጣ ፈረሰኛ ነው፤ አጥናፉም አልተመረጠም። እሱ ይልቅ መጥቶ የራሱን ደረቅ ባና ዳማው ላይ ጣለለት። ጎንጤም ያን ቀን ፈረሱን በእጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ እያስኬደ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ወዳጆቼ፣ ቅናት ያሳውራል ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ጎንጤ ከማንም በላይ አጥርቶ አይቷል፤ ወር ሙሉ ጥሩ አስተማሪ ፊት ቆሞ ትምህርቱን ሁሉ እንደ ስድብ ቆጠረው እንጂ። የቀና ሰው የሌላውን ኑሮ በቃሉ ይወጣዋል፤ የራሱ ግን እደጁ ቆሞ ይከሳበታል። አሁን አንድ ሰው ድንገት ቢጠይቀን፣ ቶሎ የምንመልሰው ስለ ጎረቤታችን ቤት ነው ወይስ ስለ ራሳችን?