አንድ ሰው ይበቃል

አቶ ደርበው የሚባሉ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሥራ አስኪያጅ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹን «ካርታ ስትጫወቱ ነው የምትውሉት» ብለው አባረሩና አንድ ምላሰኛ ሰው ብቻ አስቀሩ።

«ጌታዬ፣ አደጋ ቢመጣ ብቻዬን ምን ላደርግ ነው?» አላቸው ሰውየው።

«ልብ ካለው አንድ ሰው ይበቃል» አሉት።

አንድ ቀን የአደጋው ደወል ጮኸ። አቶ ደርበው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ሲወርዱ፣ ሰውየው ጭስ ከሚወጣበት ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ። ካልገባህ ተባረሃል» አሉት ከጀርባው ተሸሽገው።

ሰውየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«የሚበቃው አንድ ሰው ከሆነማ፣ ታላቄ እያሉ እኔ አልቀድምም። ይለፉ ጌታዬ።»