ምርቃት አይቋረጥም

አንድ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነበር፤ ቢተው ይባላል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው። ቢተው በእጁ ፍጥነትና በኮምፒውተሩ ንጽህና ይኩራራል። "እኔ ጋ ቆሻሻ አያድርም" ማለት ይወዳል። ዲስኩ በሞላ ቁጥር ጊዜያዊ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን ፎልደር፣ ምን እንዳለበት እንኳ ሳያይ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል።

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ደንበኛው ጥቁር ለብሳ ስቱዲዮው መጣች። ሰርጓን የቀረጸው እሱ ነው። አባቷ ሙሽሮቹን መርቀው በሸኙ በሳምንቱ በድንገት አርፈዋል። ከዚያ ቪዲዮ በቀር ድምፃቸው የተቀረጸበት የለም።

"ቢተው ወንድሜ፣ ምርቃቱን ብቻ ስጠኝ። እማዬ ድምፁን ካልሰማሁ እህል አልቀምስም ብላለች።"

ቢተው ቪዲዮውን ከፈተላት። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ፤ እሷም እያለቀሰች "አሜን" ትላለች። እሱ በጎን ቅጂ ሲያዘጋጅ "ዲስኩ ሞልቷል" የሚል መልእክት መጣ። እንደ ልማዱ አንዲት ትእዛዝ ጽፎ ጊዜያዊውን ፎልደር ባዶ አደረገውና ቅጂውን እንደገና ጀመረ። ኮምፒውተሩ "ፋይሉ አልተገኘም" አለው።

ቢተው ክው አለ። የካሜራውን ካርድ ለማስለቀቅ ሲል የትርንጎን ሰርግ "ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ" ብሎ የገለበጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበር! ካርዱ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ሰርግ ተቀርጾበታል።

የሚገርመው ግን፣ የጠፋው ቪዲዮ ስክሪኑ ላይ አሁንም ይታያል። አባትየው ይመርቃሉ። ቢተው ዓይኑን ማመን አቃተው። ዘግቶ ሊከፍተው እጁን ሰደደ።

"ተው!" ብላ ትርንጎ እጁን ያዘችው። "አባዬ እየመረቀ አይደል እንዴ? ምርቃት ይቋረጣል? ይጨርስ!"

እጁ አየር ላይ ቀረ። የተማረው ትዝ ያለው ያኔ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ ይዘቱ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ከተዘጋ ግን አለቀ።

"እህቴ፣ በፈጠረሽ እንዳትነኪው!" አለ በላብ ተጠምቆ። ቪዲዮው ሲያልቅ ፕሮግራሙ በራሱ ሊዘጋ ይችላል፤ አባትየውን ማስቆም ደግሞ አልደፈረም። ፕሮግራሙ ከያዛቸው ፋይሎች መሃል የጠፋውን በርብሮ አገኘና ፍላሽ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ትርንጎ የመጨረሻዋን አሜን ስትል ቅጂው ተጠናቆ ነበር።

ቢተው ያደረገውን አልደበቃትም። ትርንጎ ሰምታ ስትጨርስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"አባዬን ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀብረው ነበር?"

ቢተው ፍላሹን በሁለት እጁ አቀበላት።

ወዳጄ፣ ቢተው ዛሬም ኮምፒውተሩን ያጸዳል፤ ዲስክ መሙላቱ አይቀርማ። ግን መጀመሪያ ፋይሉ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ያያል። የሚያስፈልገውን ሌላ ቦታ ሳያስቀምጥም አንድም ነገር አይሰርዝም። አንድን ነገር "ጊዜያዊ" ስላልነው ብቻ ዋጋ ቢስ አይሆንም፤ እኛ ቆሻሻ ያልነውን ሌላ ሰው አጥብቆ ይዞት ሊሆን ይችላል። አንተስ ዛሬ ልትጠርገው የተነሳኸውን ነገር ማን እንደያዘው ጠይቀሃል?