ይመኙሻል ሚዳቋና ቀይዋ ታንኳ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። እኔ «ነበረች» ስል እናንተ «ትኑር» በሉኝ፤ ያኔ ተረቷ ትመጣለች።

ነበረች።

ድሮ፣ ከድሮም በፊት፣ ጉም እያዜመ በሚነሳበት፣ ሐይቅ በየስማችን እየጠራ እንዴት አደራችሁ በሚልበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ስሟ ይመኙሻል ይባላል። ባሏ ከሞተ ሦስት ክረምት አልፎታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ትሁኔ ናት፤ እሷም ሐይቁ መሃል ወዳለው ደሴት ተድራ ሄዳለች።

በዚያ ዘመን ዕቃ ሁሉ አንደበት ነበረው። ነገር ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ከጠየቁት ደግሞ አይዋሽም።

አንድ ቀን ጠዋት ይብራ የምትባለው የውኃ ወፍ ከደሴቱ በርራ መጣችና ከይመኙሻል ደጅ አረፈች።

«እመት ይመኙሻል፣ ልጅሽ ወሯ ገብቷል» አለቻት። «እናቴን ጥሩልኝ፣ እጇን ሳልይዝ እንዳልወልድ ብላለች።»

ይመኙሻል ልቧ ዘለለ። ወደ ጓዳዋ ገባችና አምስት ቅል ማሯን አወጣች። አምስቱን ቅል ለመሙላት ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። አንዱን ስትቆርጥ ንብ ነድፏት ጆሮዋ አብጦ ከርሟል። አንዱን ያገኘችው ደግሞ ገደል ለገደል ስትሄድ ነው። በዚያ አገር የሚሸጥ የሚለወጠው በማር ነበር። ቢያንስ አንዱ ቅል ደሴቱ ላይ መድረስ አለበት፤ ወላድ ያለ ማር እንዴት ትታረሳለች?

አምስቱን ቅል ጫነችና ወደ ወደቡ ወረደች።

ወደቡ ላይ መጀመሪያ ያገኘችው አባ ኤሊን ነው። ሽማግሌው ከደንገል የተሠራች ግራጫ ታንኳውን አጠገቡ አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል።

«አባ፣ ታንኳዋ ስንት ናት?»

«አራት ቅል፣ ልጄ። መቅዘፊያዋም ገመዷም እዚያው ውስጥ አሉ።»

«አራት! ለዚች ሣር አራት ቅል!» ብላ አለፈች።

ትንሽ እንደሄደች ቀይ ነገር ዓይኗን ያዘው። ወፍራም ግንዶች ላይ የተቀመጠች ቀይ የእንጨት ታንኳ ናት፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል፣ ጎኗ ላይ የውኃ አበባ ተሥሎባታል። የጠዋቱ ጉም ሲያልፍባት በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ትመስላለች። አጠገቧ አያ ሸለምጥማጥ ጭራውን እያሻሸ ቆሟል።

«ኧረ እመቤቴ! ይቺ ታንኳ እኮ ለእርስዎ የተፈጠረች ናት!»

«ስንት ነው እሷስ?»

«ምን አላት! አንዲት ቅል ብቻ!»

ይመኙሻል ጆሮዋን ማመን አቃታት። እዚያ አራት፣ እዚህ አንድ። ፈጥና አንዱን ቅል አወረደች።

«በሉ እንግዲህ» አለ ሸለምጥማጥ ቅሉን ተቀብሎ፣ «መቅዘፊያዋን ላሠራልዎት።»

«መቅዘፊያ የላትም እንዴ?»

«የሌላ ታንኳ መቅዘፊያ አይገጥማትም። ለእሷ ተለክቶ ነው የሚጠረበው። ምን አላት! አንዲት ቅል ብቻ! ነገ ጠዋት ይደርሳል።»

ይመኙሻል ከንፈሯን ነከሰች። አንዱን ከፍላለች፤ ያለ መቅዘፊያ ደግሞ ምን ታደርጋለች? «ይሁን፣ ብቻ ልጄ ዘንድ ልድረስ» አለችና ሁለተኛውን ቅል ሰጠች። ወደ ደሴቱ ስታይ ደሴቱ በጉሙ ውስጥ እንደ ሕልም ብቅ ጥልቅ ይላል።

በማግሥቱ ጠዋት መጣች። መቅዘፊያው ደርሷል።

«በሉ አሁን ሰሙን እናቅልጥ» አለ ሸለምጥማጥ።

«የምን ሰም?»

«እመቤቴ፣ ሆዷ በሰም ካልተቀባ እኮ ውኃ ታስገባለች። መሃል ሐይቅ ላይ ቢሰምጡብኝ ምን ይዋጠኝ? ምን አላት! አንዲት ቅል ብቻ! ነገ ጠዋት ደርቆ ይጠብቅዎታል።»

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ትናንት መቼ ጠየቁኝ?»

እውነቱን ነው፣ አልጠየቀችውም። ይመኙሻል ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን ሁለቱን ቅል ጥላ እንዴት ትሂድ? «ይሁን፣ ብቻ ልጄ ዘንድ ልድረስ» ብላ ሦስተኛውን ሰጠች።

ያን ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ዋለች። ሐይቁ ወደ እግሯ መጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። «ይመኙሻል፣ ይመኙሻል» እያለ በቀስታ ጠራት። የልጇ ድምፅ መሰላትና ልቧ ቀለጠ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ መጣች። ሰሙ ደርቋል። መቅዘፊያው ተጋድሟል። ሁለቱን የቀሩትን ቅሎች ታንኳዋ ውስጥ አስቀመጠችና ግንባሯን አስደግፋ መግፋት ጀመረች። ብትገፋ፣ ብትገፋ፣ ታንኳዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሸለምጥማጥ ከኋላዋ ሳቅ አለ።

«የእንጨት ታንኳ እኮ ናት፣ እመቤቴ። ከግንዱ አውርደው ውኃ ውስጥ የሚያስገቧት ጉልበተኞች አሉኝ። ምን አላት! አንዲት...»

«ቅል ብቻ» ብላ ጨረሰችለት።

በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም። የተናደደችው ግን በሸለምጥማጥ ብቻ አልነበረም። ዘወር አለችና አፏን ወደ ታንኳዋ ጎን አስጠጋች።

«ታንኳ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስሰማሽ ነበር» አለች ታንኳዋ፤ ድምፅዋ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ነው። «አጠገቤ ቆመሽ አንድም ነገር አልጠየቅሽኝም። መልኬን ብቻ ነው ያየሽው።»

«አሁን ልጠይቅሽ። ከዚህ በኋላ ምን ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ለመግፊያ አንድ ቅል። ደሴቱ ላይ ስደርስ የምታሰርበት ቦታ የሸለምጥማጥ አጎት ይዞታ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ቅል ይቀበላል። ሰሜ ደግሞ በየወሩ ይታደሳል።»

«ታዲያ በጠቅላላው ስንት ቅል ትፈጃለሽ?»

«መጨረሻውን እኔም አላየሁትም። ካንቺ በፊት አንድ ከርከሮ ገዝቶኝ ነበር። ዘጠኝ ቅል ከፍሎ፣ ሲሰለቸው ጥሎኝ ሄደ።»

ሸለምጥማጥ ይህን ሲሰማ ዘለለ። «እመቤቴ፣ ከዕቃ ጋር ወሬ ምን ያደርጋል! ቶሎ ትገፋ፣ ቶሎ! ነፋሱ ሳይነሳ!»

ይመኙሻል ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቀች። «ልመልስሽ ብልስ?»

ታንኳዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «የወደቡ ልማድ ከተሸጠች ወዲህ ሆዷን ውኃ ያልነካት ታንኳ ለሻጯ ትመለሳለች ይላል። እኔን ከገዛሽኝ ወዲህ ውኃ አልነካኝም። አንድ ጊዜ ከተገፋሁ ግን ያንቺ ነኝ።»

ይመኙሻል ያን ጊዜ ጮኸች። ሚዳቋ ስትጮኽ አገር ይሰማል። ገበያተኛው ተሰበሰበ፤ የወደቡ ዳኛ ጉማሬም ውኃውን እያንጠባጠበ ወጣ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ዳኛው፣ ታንኳዬን ልመልስ ነው» አለች።

«ተስማምታ የገዛችው ነው!» አለ ሸለምጥማጥ። «አንዲት ቅል አልኳት፣ አንዲት ቅል ሰጠች። ምን አጠፋሁ?»

ጉማሬ ታንኳዋን ዞር ዞር ብሎ አየ። «አንቺ ታንኳ፣ ይቺ ከገዛችሽ ወዲህ ሆድሽን ውኃ ነክቶታል?»

«አልነካኝም።»

«ሦስት ቅል ከፍላብሻለች?»

«ከፍላለች። አራተኛው እየተጠየቀ ነው።»

ገበያተኛው አጉረመረመ። ጉማሬ ወደ ሸለምጥማጥ ዞረ። «ማሯን መልስ። ከዛሬ ጀምሮም ታንኳ ስትሸጥ መቅዘፊያውን፣ ሰሙን፣ መግፊያውን፣ ማሰሪያውን ሁሉ ደምረህ ነው ዋጋ የምትጠራው። ያውም ጮክ ብለህ።»

ሸለምጥማጥ እየተነጫነጨ ሦስቱን ቅል አመጣ። ሁለቱ ሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ግን እስከ ግማሹ ተልሷል። የሸለምጥማጥ ጢም ማር በማር ነው።

«የላስከውንስ?» አለ ጉማሬ።

«ከሆዴ ላውጣው እንዴ?»

ጉማሬ ሊቆጣ ሲል ይመኙሻል አቋረጠችው። «ተወው፣ ዳኛው። ስለ ግማሽ ቅል ስሟገት ሌላ ቀን ይሄድብኛል። ልጄ ትጠብቀኛለች።»

አራት ሙሉና አንድ ግማሽ ቅሏን ጫነችና ወደ አባ ኤሊ ተመለሰች። አሁን ግን ማር ለማውረድ አልቸኮለችም። ወደ ደንገሏ ታንኳ ጎንበስ አለች።

«አንቺስ፣ ከገዛሁሽ በኋላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ፀሐይ» አለች ግራጫዋ ታንኳ በሚያንሾካሹክ ድምፅ። «ውኃ እጠጣለሁ፤ ስለዚህ ከቀዘፍሽ በኋላ ጎትተሽ አውጪኝና አድርቂኝ። ቀላል ነኝ፣ ሌላ ጉልበት አያሻሽም። ግን ልንገርሽ፣ ዕድሜዬ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ እበሰብሳለሁ።»

ይመኙሻል ቀና ብላ አባ ኤሊን አየችው።

«አባ፣ ዓመት ብቻ ለምትኖር ታንኳ አራት ቅል በዛ። ሦስት ሙሉና ይህን ግማሽ እሰጥዎታለሁ።»

አባ ኤሊ አንገቱን ከቅርፊቱ ውስጥ አውጥቶ ሳቀ። «ከትናንት ወዲያ ‹ሣር› ብለሽ አልፈሽኝ ነበር።»

«ከትናንት ወዲያ መግዛት አላውቅም ነበር።»

«በይ ይሁን፣ ልጄ። ውሰጂያት።»

አንዱን ሙሉ ቅል ከጎኗ አስቀምጣ ሐይቁን ያዘች። ጉሙ መጥቶ ከበባት። ወዲያም ወዲህም አይታይም፤ ሰማዩና ውኃው አንድ ሆነዋል። መቅዘፊያው ውኃውን ሲነካ ድምፅ የለውም። በነጭ ሕልም ውስጥ የምትሄድ መሰላት።

«ጉም፣ ደሴቱ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ልጅ በሚያለቅስበት በኩል» አላት ጉሙ።

ጆሮዋን አቀናች። እውነትም ከሩቅ፣ እንደ ክር የቀጠነ የሕፃን ልቅሶ ተሰማት። ልቅሶውን እየተከተለች ቀዘፈች፣ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የታንኳዋ አፍንጫ አሸዋውን ነካ።

ትሁኔ ከቄጤማው ላይ ተኝታለች። ከጎኗ ገና እግሯ የማይጸና ግልገል አለች።

«እማዬ!» አለች ትሁኔ። «ትናንት ጠዋት ወለድኩ። ከትናንት ወዲያ ምጤ ሲመጣ ስጠራሽ ነበር፣ ስጠራሽ ነበር። ሰው ሁሉ ‹ሐይቁ ረጋ ብሏል፣ አሁን ትደርሳለች› ይለኝ ነበር። የት ቆየሽ?»

ይመኙሻል ተንበረከከች። እውነቱን መናገር ከበዳት፤ ግን ተናገረች።

«ርካሽ ታንኳ ስገዛ ነው የቆየሁት፣ ልጄ።»

ትሁኔ መጀመሪያ አልገባትም። እናቷ ሁሉንም ስትነግራት ግን አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋችላት። ይመኙሻል ያን እጅ ይዛ ቆየች። ማሩንም ከፈተችና በምላሷ ጫፍ እያቀመሰች ልጇን አረሰቻት።

ልጆቼ፣ ማሩስ እንግዲህ ይብዛም ይነስም ተመልሷል። እነዚያ ሁለት ጠዋቶች ግን አልተመለሱም። የልጇን ምጥ በቅል ማር መልሶ የሚሸጥላት ነጋዴ በየትም ወደብ አልተገኘም።

ስለዚህ እናንተም ገበያ ስትወጡ፣ ሻጩ «አንዲት ብቻ» ሲላችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት ቆም በሉ። «ከገዛሁህ በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዛሬ ዘመን ዕቃ አይናገርምና፣ ሻጩን ጠይቁ፣ የገዛውን ጠይቁ፣ ራሳችሁንም ጠይቁ። ዋጋ ማለት መጀመሪያ የምትሰጡት ሳይሆን እስከ መጨረሻው የሚወስድባችሁ ነው።

ተረቷን እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ ደህና ያውለን።